ያውቁ ኖሯል? የዲዝኒ ሆቴሎች ጉድ!

ትምህርት ተዘግቷል! ልጆቹ ጓጉተዋል፣ ሻንጣው በር ላይ ቆሟል፣ ጉዞው ፍሎሪዳ ወደሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ነው። ስለ መጫወቻዎቹ ልጆቹ ይንገሩዎት! እኛ የምንነግርዎት ስለሚያድሩባቸው ሆቴሎች፣ ስለሚረግጡት መሬት፣ ስለሚጥሉት ቆሻሻ ሳይቀር ነው። ጉዱ ተወርቶ አያልቅም!

ቦታው አንድ መናፈሻ እንዳይመስልዎት! አራት ትልልቅ ፓርኮች፣ ሁለት የውሃ መጫወቻዎችና ከ25 በላይ ሆቴሎች አሉት። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባን ለአምስት ቢከፍሏት አንዱ እጅ ማለት ነው!

በሆቴሎቹ ያሉት ክፍሎች ከ25,000 ይበልጣሉ። በየቀኑ ክፍል እየቀየሩ ቢያድሩ ሁሉንም ለማዳረስ 68 ዓመት ይፈጅብዎታል! ዛሬ የተወለደ ሕፃን ቢጀምረው የሚጨርሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው!

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን በመኪና የሚሄዱበት ጊዜ አለ። መንገዱ 1,350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጎንደር ደርሶ እንደ መመለስ ነው! ታዲያ ልጅዎ ሦስት ዓመት ካልሞላው መግቢያ አይከፍልም!

ዋልት ዲዝኒ ይህን ቦታ የመረጠው ከሰማይ ላይ ሆኖ ነው! በአውሮፕላን ሲያልፍ ረግረጉንና ሐይቁን፣ የሚገናኙትንም አውራ ጎዳናዎች አየ፤ ወደደው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉት በዚያው ዕለት ነው!

መሬቱ የተገዛው በምስጢር ነው! ገዢው ዲዝኒ መሆኑ ከታወቀ ዋጋው እንደሚንር ግልጽ ነበር። ስለዚህ ስማቸው ተሰምቶ የማያውቅ ትንንሽ ኩባንያዎች ተቋቋሙ፤ አንዱ ከዚህ፣ ሌላው ከዚያ መሬት ሰበሰቡ። ወደ 11,000 ሄክታር የሚጠጋው መሬት የተገዛው በ5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ሄክታሩ በአማካይ 450 ዶላር ገደማ ወጣ! ሻጮቹ ለማን እንደሸጡ አያውቁም ነበር!

ምስጢሩን ፈልፍላ ያወጣችው አንዲት ጋዜጠኛ ናት! የኦርላንዶ ሴንቲኔሏ ኤምሊ ባቫር እ.ኤ.አ. በ1965 ካሊፎርኒያ ሄዳ ዋልት ዲዝኒን ፊት ለፊት ጠየቀችው። ካደ። ግን ስለ ፍሎሪዳ ሲናገር ከሚገባው በላይ ያውቅ ነበር! ባቫር ነቃች። ጻፈች። የመሬት ዋጋ ወዲያው ጣሪያ ነካ!

የዚያ ግዢ ማስታወሻ ዛሬም መስኮት ላይ ተጽፎ ይታያል! ማጂክ ኪንግደም የተባለው ፓርክ ሲገቡ በዋናው መንገድ ካሉት መስኮቶች በአንዱ ላይ «ኤም. ቲ. ሎት» የሚል የመሬት ነጋዴ ስም አለ። ቶሎ ቶሎ ያንብቡት! በእንግሊዝኛ «ባዶ መሬት» ይሆናል!

ዋልት ዲዝኒ የዚህን ቦታ መከፈት አላየም! እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1966 አረፈ። ታላቅ ወንድሙ ሮይ የጡረታ ሐሳቡን ትቶ ሥራውን ተረከበ። ስሙ «ዲዝኒ ወርልድ» ብቻ እንዳይሆን፣ «ዋልት» የሚለው ከፊቱ እንዲገባ ያደረገው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1971 በሩን ከፈተ፤ ሦስት ወር ሳይሞላው እሱም አረፈ። ለወንድም የተሠራ እንዲህ ያለ ሐውልት የት ይገኛል!

የተከፈተበት ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 20 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን!

የዋልት አባትና እናት የተጋቡት እዚያው ፍሎሪዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1888! ጋብቻቸውን የፈጸሙበት አካባቢ ከዛሬው ዲዝኒ ወርልድ ብዙም አይርቅም። ልጃቸው በዚያ ምድር ስንት ሺህ ቤተሰብ በየቀኑ እንደሚያስፈነድቅ ማን ነገራቸው!

በመክፈቻው ጊዜ የአዋቂ መግቢያ ስንት ነበር? ሦስት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም! ዛሬ ሕዝብ በሚበዛበት ቀን ከ180 ዶላር በላይ ይጠየቃል!

ረግረግ መሬት፣ ሙቀት፣ ዝናብ፣ ሐይቅ! የወባ ትንኝ ሊወረው የሚገባ ቦታ ነው አይደል? ሌሊት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ግን ትንኝ እምብዛም አያገኙም! ይህን የሠሩት ጄኔራል ጆ ፖተር የሚባሉ መሐንዲስ ናቸው። ከዚያ በፊት የፓናማ ቦይ አካባቢ አስተዳዳሪ ነበሩ፤ ትንኝን ጠንቅቀው ያውቋታል! ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የውሃ መውረጃ ቦይ አስቆፈሩ። ውሃው ከመንቀሳቀስ አያርፍም፤ ትንኟም እንቁላሏን የምትጥልበት የረጋ ውሃ ታጣለች!

እና ዶሮዎችም አሉ! አዎ፣ ዶሮ! በግቢው ልዩ ልዩ ቦታ በማጎሪያ ይቀመጣሉ፤ ደማቸው በየጊዜው ይመረመራል። ትንኝ የምታስተላልፈው ቫይረስ ካለ ደማቸው ላይ ይታያል። ዶሮዎቹ ግን አይታመሙም! በሚሊዮኖች የሚቆጠር እንግዳ በዶሮ ሲጠበቅ ሰምተው ያውቃሉ?

ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ሲራመዱ መሬት ላይ ያሉ ይመስልዎታል። አይደሉም! የቆሙት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው! ከእግርዎ ሥር ሠራተኞች የሚተላለፉባቸው ረጃጅም ኮሪደሮች አሉ፤ ልብስ መቀየሪያው፣ ምግብ ማመላለሻው፣ ቢሮው ሁሉ ታች ነው። ረግረግ ስለሆነ ቆፍረው ማስገባት አልቻሉም። መሬቱ ላይ ሠሩትና አፈር አለበሱት! አፈሩ የመጣው ከፊት ለፊት ያለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲቆፈር ነው። ለሐይቁ ሲቆፈር ለፓርኩ ኮረብታ ተገኘ!

ይህን ሁሉ ድካም ያመጣው አንድ ካውቦይ ነው! ዋልት ካሊፎርኒያ ባለው ዲዝኒላንድ አንድ ቀን ቆሞ ሲያይ፣ የካውቦይ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ስለ ወደፊቱ ዘመን በተሠራው ክፍል ውስጥ እያቋረጠ ሲያልፍ ተመለከተ። ባርኔጣና ሮኬት! አልወደደውም። ፍሎሪዳ ላይ ካውቦዩ በምድር ውስጥ እንዲሄድ ተደረገ!

የጣሉት ቆሻሻስ? ይበራል! በቱቦ ይሳብና በሰዓት 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ከእግርዎ ሥር ይሸመጥጣል። ቴክኖሎጂው የስዊድን ነው። መንገድ ላይ የቆሻሻ መኪና አያዩም!

ማስቲካ ፈልገው ሱቅ ለሱቅ ቢዞሩ አያገኙም! አይሸጥም!

የሲንደሬላ ግንብ 58 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በውስጡ አንድ ጡብ የለም! ብረት፣ ኮንክሪትና ፋይበር ግላስ ነው። ቁመቱስ ለምን 61 ሜትር አልሞላም? 61 ሜትር የሞላ ሕንፃ ለአውሮፕላን ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ መብራት አናቱ ላይ ማድረግ አለበት! ተረት ላይ ቀይ መብራት! በኤቨረስት ስም የተሠራው የሮለር ኮስተር ተራራም የቆመው ከዚያ ከፍታ ጥቂት ጣቶች ሲቀሩት ነው!

ግንቡ ውስጥ አንድ መኝታ ቤት አለ! መጀመሪያ ለዋልት ቤተሰብ ታስቦ ነበር። እሱ ግን ቀድሞ ስለሞተ የስልክ ኦፕሬተሮች መቀመጫ ሆነ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የንጉሥ ክፍል መስሎ ተሠራ። በገንዘብ አይከራይም! ሚሊዮን ዶላር ይዘው ቢቀርቡም አይከራይም! የሚያድሩበት ዕጣ የወጣላቸውና የተጋበዙ ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ሆቴሎቹ! እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቁኝ እነሱ ናቸው። ቤተሰቡ ሦስት ሌሊት እዚህ፣ ሁለት ሌሊት እዚያ እያለ ሻንጣውን ይዞ ቢዘዋወር አንድ አገር ውስጥ ሳይሆን አምስት አገር የዞረ ይመስለዋል!

ኮንቴምፖራሪ የተባለው ሆቴል ክፍሎቹ የተሠሩት ሌላ ቦታ ነው! መታጠቢያ ቤታቸው ሳይቀር ተገጥሞ አለቀ፤ ከዚያ ክሬን እያነሳ እንደ ቁም ሣጥን መሳቢያ አንድ በአንድ በብረቱ ማዕቀፍ ውስጥ ሻጥ ሻጥ አደረጋቸው! ሠሪው የአሜሪካ ትልቁ የብረት ኩባንያ ነበር።

በዚያው ሆቴል መሐል ባቡር ያልፋል! ሞኖሬሉ በአንዱ ወገን ይገባል፣ ቁርስ ከሚበሉት እንግዶች በላይ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል፣ በሌላው ወገን ይወጣል። ልጅዎ ማንኪያውን አፉ ላይ እንደያዘ ሲቀር ያዩታል!

ግድግዳውን ይመልከቱ! ሜሪ ብሌር የነደፈችው የሸክላ ሥዕል 27 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ቆሟል። ሕፃናት፣ ወፎችና አበቦች ሞልተውታል። ከመካከላቸው አንዲት ፍየል አለች። ልጅዎን ይዘው እግሯን ይቁጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... አምስት! አዎ፣ አምስት እግር! ስህተት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው!

ፕሬዚዳንት ኒክሰን «አጭበርባሪ አይደለሁም» ብለው ለዓለም የተናገሩት የት ነው? ዋይት ሐውስ? አይደለም! እዚሁ የሚኪ ማውስ ሆቴል ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 1973!

ቢትልስ የተባሉት ሙዚቀኞች በሕግ የተለያዩትም ዲዝኒ ሆቴል ውስጥ ነው! ጆን ሌነን የመለያያውን ሰነድ የፈረመው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 1974 ፖሊኔዥያን በተባለው ሆቴል አርፎ ሳለ ነው። ከልጁ ጋር ለዕረፍት መጥቶ! የዓለም ዝነኛው ባንድ በዘንባባ ጥላ ሥር አበቃለት!

ግራንድ ፍሎሪዲያን የሚባለው ነጭ ሆቴል ለፈረንጆች ገና ከዝንጅብል ብስኩት ቤት ይሠራል። መጫወቻ ቤት አይደለም! ሰው ገብቶ የሚቆምበት ቤት ነው። ሻጮች ውስጡ ቆመው በመስኮቱ ኬክ ይሸጣሉ! ሽታው ገና ከበሩ ይቀበልዎታል!

ዊልደርነስ ሎጅ ደግሞ የጫካ ቤት ነው። የእሳት ምድጃው 25 ሜትር ገደማ ይረዝማል! ድንጋዩ የተደረደረው የግራንድ ካንየንን የአለት ንብርብር ተከትሎ ነው። ከታች ያለው ጥንት፣ ከላይ ያለው ቅርብ! እሳት እየሞቁ የምድርን ዕድሜ ሽቅብ ያነባሉ!

ደጁ ላይ ፍልውሃ አለ! በየሰዓቱ ሽቅብ ይፈናጠራል። ልጆች ሰዓት እየቆጠሩ ይጠብቁታል። ታዲያ ከምድር የፈለቀ አይደለም፤ የሰው እጅ ሥራ ነው!

ሁለት ሆቴሎች አናታቸው ላይ እንስሳ ተሸክመዋል! ንድፋቸውን ያወጡት ዝነኛው አርክቴክት ማይክል ግሬቭስ ናቸው። በአንደኛው ላይ ያሉት ዳክዬ የሚመስሉት ወፎች እያንዳንዳቸው 14 ሜትር ይረዝማሉ። በሌላው ላይ ያሉት ዓሣዎች 17 ሜትር! አራት ፎቅ ቤት የሚያህል ዓሣ ጣሪያ ላይ!

ኪስ የማይጎዳ ማደሪያ ይፈልጋሉ? ኦል ስታር የሚባሉት ሦስቱ ሆቴሎች ሲሠሩ እያንዳንዳቸው 1,920 ክፍል ነበራቸው። አብረው 5,760 ነበሩ! አንድ አነስተኛ ከተማ ሙሉውን ያስተኛሉ!

ፖፕ ሴንቸሪ የተባለው ሆቴል ያለፉት ዘመናት መጫወቻዎች ገዝፈው የቆሙበት ነው። ዮዮው ፎቅ ያህላል! የቦውሊንግ ፒን የመሰሉት ረጃጅም ነጭ ምሰሶዎች ደግሞ ጌጥ ብቻ አይደሉም። ውስጣቸው ደረጃ ነው፤ ወደ ክፍልዎ ይወጡበታል!

ከዚህ ሆቴል አጠገብ ካለው ሐይቅ ማዶ የሚገኘው ሌላው ግማሹ ለ10 ዓመት ገደማ ባዶውን ቆሞ ነበር! ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ እንግዳ ሲጠፋ ግንባታው ተቋረጠ። ቀለም የተቀቡት ሕንፃዎች ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የፊልም ገጸ ባሕርያት የሞሉበት ሌላ ሆቴል ሆነው ተከፈቱ። ዛሬ ድልድዩን ተሻግረው ይገባሉ!

ከዚያ ሐይቅ ዳር ኬብል ካር ይነሳል! እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከሆቴል በር እስከ ፓርክ በር በአየር ላይ ያደርስዎታል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ደርሷል!

የክፍልዎ ቁልፍ የእጅ አምባር ሊሆን ይችላል! በሩን ነካ ያደርጉታል፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ይከፈታል። በዚያው አምባር ፓርክ ይገባሉ፤ ምሳም ይከፍሉበታል። ይህን ሥርዓት ለመዘርጋት አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቷል! ለአንድ አምባር!

ድንኳን ይዘው መጥተው ማደርም ይቻላል! ፎርት ዊልደርነስ 300 ሄክታር ገደማ ጫካ ነው። ፈረሶች አሉ፣ ማታ እሳት ይነዳል። የሚኪ ማውስ ጎረቤት ሆነው በድንኳን ያድራሉ!

አሁን ትንፋሽዎን ይያዙ! አኒማል ኪንግደም ሎጅ የተባለው ሆቴል አፍሪካን ፍሎሪዳ ላይ አምጥቷል። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ሕንፃው በቅስት ሳር ሜዳውን አቅፎ ይዟል። ማለዳ ተነስተው መጋረጃውን ይግለጡ። ጭጋጉ ገና ሳሩ ላይ ተኝቷል። ከበረንዳዎ ፊት ቀጭኔ አንገቱን አስግጎ ቅጠል ይለቅማል፤ ከኋላው የሜዳ አህዮች ሰብሰብ ብለው ይግጣሉ። ልጅዎ በባዶ እግሩ ወጥቶ የበረንዳውን ብረት ይይዛል፣ አፉን ከፍቶ ይቀራል። አንድ ቃል አይወጣውም! ሌላውን ሁሉ ትተው አንድ ሌሊት ብቻ የሚያድሩበት ሆቴል ምረጥ ብትሉኝ ያለ ማመንታት ይህን ነው!

እዚያው ሜዳ ላይ አንኮሌ የተባሉት የምሥራቅ አፍሪካ ከብቶች ይሰማራሉ። ቀንዳቸውን ማየት ነው! ከሰው ክንድ ይረዝማል፣ ከሰው ጭን ይወፍራል። ከብት ሲጠብቅ ያደገ ኢትዮጵያዊ እንኳ ቆሞ ያያቸዋል!

ከሎጁ ስሞች ብዙዎቹ ስዋሂሊ ናቸው! «ጃምቦ» ሰላምታ ነው። «ጂኮ» ማድ ቤት። «ሳና» ጥበብ። «ኪዳኒ» የአንገት ጌጥ። ሲምባማ አንበሳ መሆኑን ልጅዎ ይነግርዎታል!

አኒማል ኪንግደም ፓርክ ውስጥ ቀዝቃዛ መጠጥ ቢያዙ የፕላስቲክ ስትሮ አይሰጥዎትም! የእንስሳቱ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ እንዳይጎዳቸው ነው።

በፓርኩ መሐል የቆመው የሕይወት ዛፍ 44 ሜትር ይረዝማል። ግንዱ ላይ ከ300 በላይ እንስሳት ተቀርጸዋል፤ ቅጠሎቹ ከ100,000 ይበልጣሉ። በውስጡ ግን ምን አለ? ባሕር ላይ ነዳጅ ለማውጣት የሚቆመው ዓይነት የብረት ማማ!

ክረምቱን አምልጠው የሄዱ ከመሰለዎት ይጠንቀቁ! ሐምሌና ነሐሴ ፍሎሪዳም ዝናብ ነው። ጠዋት ፀሐይ ያቃጥላል፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ነጎድጓድ ያጓራል፣ ይወርዳል! ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይ! ልክ እንደ አዲስ አበባ ነሐሴ፣ ብርዱ ሲቀር!

በዚያ ዝናብ ኤፕኮት በተባለው ፓርክ ወዳለው ኳስ ይሩጡ! 55 ሜትር ቁመት ያለው፣ 7,000 ቶን የሚከብደው ክብ ሕንፃ ሥር ይቁሙ። ዝናቡ ኳሱ ላይ ይወርዳል፤ ከኳሱ ላይ ግን አይንጠባጠብብዎትም! ውሃው በገጹ ክፍተቶች ወደ ውስጥ ይገባና በቱቦ ተጉዞ ከኋላ ያለው ሐይቅ ውስጥ ይፈሳል!

እዚያው ኤፕኮት ውስጥ ሥሮቻቸው አፈር የማይነኩ አትክልቶች ይበቅላሉ! በጀልባ ተቀምጠው እያዩ ያልፏቸዋል። ከዚያ ምግብ ቤት ገብተው ይበሏቸዋል!

ማጂክ ኪንግደምን የሚዞሩት የእንፋሎት ባቡሮች ከፓርኩ በዕድሜ ይበልጣሉ! የተሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1916 እስከ 1928 ባለው ጊዜ ነው። ሜክሲኮ፣ ዩካታን ውስጥ ሠርተው ደክመው ወድቀው ነበር። ተገዙ፣ ታደሱ፣ ዛሬ ልጅዎን ይዘው ያፏጫሉ!

የሚዞሩት የእንጨት ፈረሶችም እ.ኤ.አ. የ1917 ናቸው! ከመቶ ዓመት በላይ ሲጋልቡ አንድ ቦታ አልደረሱም!

መነጽርዎን ይጠብቁ! በማጂክ ኪንግደም ብቻ በቀን በአማካይ 200 ገደማ የፀሐይ መነጽር ወድቆ ይገኛል። በየቀኑ!

የሠራተኞቹ ብዛት ከ70,000 ይበልጣል! በአንድ ስፍራ ይህን ያህል ሰው የሚያሠራ ድርጅት አሜሪካ ውስጥ የለም። ደረታቸው ላይ ስማቸውና የመጡበት አገር ተጽፏል። ያንብቡት፤ ማን ያውቃል፣ ያገርዎ ልጅ ሊሆን ይችላል!

ሌሊት ከመተኛትዎ በፊት ደግሞ አንድ ነገር! እ.ኤ.አ. በ1971 ቦታው በተከፈተ በወሩ፣ ከሆቴሎቹ ፊት ባለው ሐይቅ ላይ መብራት የለበሱ ጀልባዎች ተለቀቁ። ቁጥራቸው 14 ነው። ከ7 ሜትር በላይ ቁመት ባለው ሽቦ ላይ ዓሣ ነባሪው፣ ኤሊው፣ ዘንዶው በአምፖል ተሥሏል። ከ50 ዓመት በላይ ማታ ማታ በየሆቴሉ ዳርቻ ሲያልፉ ኖረዋል። ቲኬት የለውም! ፒጃማቸውን የለበሱ ልጆች አሸዋው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሙዚቃው ከሩቅ ይሰማል። ከዚያ ጨለማው ውስጥ፣ ውሃው ላይ፣ አንድ አረንጓዴ ኤሊ ብቅ ይላል!